ሳንሻገረው የተመለስንበት በር

ዕድሜዬ ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው፤ ትዝታ ለመጻፍ እንደማያደርስ አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ሰፈሬ ቀድሞኝ ሄደ። ሰው ያደገበት ቤት፣ የሠራበት ሱቅ፣ የተቃጠረበት ማዕዘን ተነሥቶ ሜዳ ሲሆን ያየ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያረጃል። አሁን የምኖረው ከተማው ሊያልቅ ሲል ያለ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው ነሐሴ መብራት ጠፍቶ ሳለ ከታች ያለችው ሴትዮ፣ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ የላምባ ምድጃ ለኮሰች። ሽታው በደረጃው ወጥቶ በበሬ ሥር ገባ። እኔም ሶፋው ላይ እንደተቀመጥኩ ፊቴ ጋለ። ሰው በላምባ ሽታ ያፍራል? እኔ አፍራለሁ። ያ ሽታ ሁለት ቦታ ይወስደኛል፤ አንዱ እናቴ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ከቤታችን ጓሮ ሽሮ የምትሠራባት ጠባብ ጥግ ናት፣ ሌላው ሂማልያ ተራራ ላይ የተተከለ ድንኳን ነው። የፒያሳ ልጅ ሂማልያ ምን ወሰዳት የሚል ካለ፣ ልክ ነው፣ እኔም ያኔ ራሴን መጠየቅ ነበረብኝ።

ያን ጊዜ የምሠራው ከሰባ ደረጃ ብዙ ሳይርቅ አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ እንግሊዝኛዬ ግን ከክፍሉ ሁሉ የተሻለ ስለነበር ሰው የሚጽፈውን እጽፍለታለሁ፣ የሚመጣለትን አነብለታለሁ። ደቂቃው ሃያ አምስት ሳንቲም። ማኪያቶ አምስት ብር በነበረበት ጊዜ መሆኑ ነው፤ ያውም አረፋው ከብርጭቆው አፍ በላይ ቆሞ፣ ስኳሩ እስኪሰምጥ የሚያስጠብቅ ማኪያቶ። ኮምፒውተሮቻችን ስድስት ናቸው፣ አንዱ ሁልጊዜ ተበላሽቷል። ፊት ለፊታችን ያለው ሙዚቃ ቤት ክረምቱን ሙሉ አንዲት ዘፈን ብቻ ይከፍታል፤ ክራርና ኪቦርድ እየተሽቀዳደሙ የሚጣሉባት ዘፈን ነበረች፣ ግጥሟን ረስቻለሁ፣ ዜማዋን ግን ዕቃ ሳጥብ አሁንም አፌ ላይ አገኛታለሁ። ሴቶቹ ጥብቅ ሱሪ ላይ አጭር ቦት ጫማ እናደርጋለን። በዝናብ ጭቃው ቦቱ ውስጥ ይገባል፣ ቢሆንም አናወልቅም። ጫማውን የሚሸጥልን ከጎናችን ያለው ቢኒ ነው። ቢኒ አብሮ አደጌ ነው፤ ጫማው ጠብቦሽ ብትጮሂ እንኳ «እግርሽ ነው የሰፋው» ብሎ የሚያስገዛ ልጅ።

ጋሽ ተሰማን ያገኘሁት እዚያው ነው። ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው። አምስት ኪሎ አካባቢ ስንት ዘመን ስላስተማሩ ፒያሳ ውስጥ ግማሹ ወንድ ወይ ተቀጥቶባቸዋል ወይ በፊሽካቸው ሮጧል። ቢኒም የእሳቸው ተማሪ ነበር፣ ትምህርት ከጨረሰ በኋላ እንኳ «ቲቸር» ነው የሚላቸው። ሰማያዊ ቱታ ይለብሳሉ፤ በጎኑ ነጭ መስመር ያለው፣ ጉልበቱ ላይ በሚገባ የተተኮሰ። ቱታ የሚተኩስ ሰው ከእሳቸው ሌላ አላየሁም። እሁድ እሁድ ገና ሳይነጋ ጊዮርጊስ በር ላይ ሰው ይሰበስቡና በሽሮ ሜዳ አድርገው እንጦጦ ያወጣሉ። ነጋዴው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ወርቅ ሠሪው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ይከተላቸዋል። እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፤ እናቴ «እሾህ ላይ ነው የወለድኩሽ» ትለኛለች። በተጠራሁ በመጀመሪያው እሁድ ከፊት ሆኜ ወጣሁ። ጋሽ ተሰማ ከኋላዬ ፊሽካቸውን ነፉና «አንቺ ልጅ፣ ተራራው ይጠብቅሻል፣ የትም አይሄድም» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደድኳቸው። አባቴን በልጅነቴ ስላጣሁ ይሆናል፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ልጃቸው ዳዊት ህንድ አገር ሁለተኛ ዲግሪውን ይማር ነበር። የሚጽፍላቸውን እኔ ነኝ የማነብላቸው፤ እንግሊዝኛ ያውቃሉ፣ ዓይናቸው ግን ከስክሪን ጋር አልተስማማም። አንድ ጊዜ ዳዊት ፎቶ ላከ። ዛፍ የሚባል የሌለበት የድንጋይ አገር፣ ከላዩ በረዶ፣ በበረዶው መሀል ደግሞ ባለ ቀለም ጨርቆች የታሰሩበት አንድ መተላለፊያ። እኛ አገር ጣርማ በር እንደሚባለው፣ ሰው ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው የሚሻገርበት በር ነው። በእግር የሚሄዱ ሰዎች እንዳሉ፣ ክረምት እኛ ጋ ሲሆን እዚያ እንደማይዘንብና መንገዱ የሚከፈተው ያኔ መሆኑን ጽፏል። ጋሽ ተሰማ ፎቶውን ብዙ ካዩ በኋላ «ይህን እኛ እንወጣዋለን» አሉ። እኛ ያሉት ማንን እንደሆነ ሳልጠይቅ ራሴን ቆጠርኩ። የሱቆቹ እቁብ በዚያ ሰሞን ለእኔ ወጣ። እናቴ ፍሪጅ ስትጠብቅ እኔ የአውሮፕላን ትኬት ገዛሁ። ቢኒ ደግሞ ስንሄድ ካየ መቅረት የማይችል ልጅ ነው።

መንገዱ ይከብዳል ወይ፣ ያሰጋል ወይ የሚለውን እንዳጣራ የተመደብኩት እኔ ነኝ። አሁን እሁድ እሁድ በአውቶብስ ተራራ ሊወጡ የሚሄዱ ልጆችን ሳይ፣ ስልካቸውን ነካ አድርገው ሁሉን ያውቃሉ። እኔ ያኔ አንድ ገጽ እስኪከፈት ከላይ ወደ ታች እንደ መጋረጃ ሲወርድ እየጠበቅሁ፣ ደንበኛ ሲመጣ እየዘጋሁ፣ የሄዱበት ፈረንጆች የጻፉትን አነበብኩ። አንዱ ቀላል ነው ይላል፣ አንዱ ሊሞት እንደነበር ይጽፋል። ያነበብኩትን ጁስ ቤት ተሰብስበን፣ ስፕሪሳችን በሦስት ቀለም ተደራርቦ ፊታችን ቆሞ ሳለ ተናገርኩ። ገመድ አያስፈልግም፣ መንገዱ ድንጋይና አሸዋ ነው፣ ከበሩ ሥር ትንሽ በረዶ አለ። ወንዙን በጧት መሻገር ነው፣ ከሰዓት በረዶው ቀልጦ ይሞላል። ዋናው ጣጣ አየሩ ነው አልኩ፤ እዚያ ላይ አየሩ እዚህ ካለው በጣም ያንሳል። ስለዚህ ቀስ ብሎ መውጣት፣ ከታች ባለው ከተማ ቀናት ማደር፣ ከጧት ጀምሮ ውኃ በብዛት መጠጣት፣ ራስ ምታቱ ከጠና ወይም ሰው መቀባጠር ከጀመረ ሳያቅማሙ መውረድ።

ቢኒ ሳቀብኝ። «አየር ያነሰው ለነሱ ነው» አለ። «እኛ የታክሲ ጭስ ሲጎድልብን ነው ራሳችንን የሚያመን።»

ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ተሰማ ግን በቁም ነገር ያዙት። አዲስ አበባ ራሷ ተራራ ናት፣ እኛ የተወለድነው ፈረንጅ ሁለት ቀን ለፍቶ በሚደርስበት ከፍታ ነው፣ እንጦጦን ደግሞ በየሳምንቱ እንወጣለን፤ ስለዚህ ግማሹን ሳንነሣ ጨርሰነዋል አሉ። ሯጮቻችንን ጠቀሱ። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ ደረቱን ነፋ፣ እኔም ጭምር። ደገኛ ነን የሚለው ነገር ሲነገር ደስ ይላል፤ ከዚህ ከተማ ሰው ውስጥ ይህን ሰምቶ የማይኮራ አላውቅም። ባለቤታቸው እትዬ ወርቅነሽ ብቻ፣ ሊሸኙን ቤታቸው የጠሩን ቀን፣ ጉዞው ፍልሰታ ውስጥ መሆኑን አነሡ። ፍልሰታ በነሐሴ መጀመሪያ የሚገባው ጾም ነው፤ አጥባቂው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አይቀምስም። ጋሽ ተሰማ «ንስሐ አባቴን ጠይቄያለሁ፣ ለመንገደኛ ፈቅደዋል» አሉ። እሳቸውም ተረጋጉ፣ እኛም ተረጋጋን። በማግስቱ ሰፈሩ እንደ ሙሽራ ሸኘን። ወርቅ ሠሪዎቹ ሳይቀሩ ከሱቃቸው ወጥተው አጨበጨቡ። እኔ ከሰልባጅ የተገዛ፣ እጅጌው ከመዳፌ የሚያልፍ ብርቱካን ጃኬት ለብሼ እንደ ሚኒስትር እጄን አውለበለብኩ።

ዳዊት ተቀብሎን እስከ ተራራው ከተማ ድረስ አብሮን ሄደ፤ ከዚያ መምህሩ ስለጠራው ለመሪያችን አስረክቦን ተመለሰ። መሪያችን ዶርጄ የሚባል፣ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ፣ የማይስቅ የሚመስል ግን የሚስቅ ሰው ነው። ዕቃ የሚሸከሙ ሁለት ፈረሶችና ባለፈረስ አብረውት ነበሩ። አገሩ ደስ አለን። ገብስ ያመርታሉ፣ ቆልተው ፈጭተው በሶ ይበላሉ። ቢኒ በሶውን ሲያይ «የጎጃም ልጆች ቀድመውናል» አለ። ሻያቸው ጨውና ቅቤ አለበት፤ ጋሽ ተሰማ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እምቢ አሉ፣ እኔም ቅቤና ሥጋ እንደማይነኩ ለዶርጄ ነገርኩት። እሱም እዚያ አገር ሥጋ የማይበላ ብዙ ስላለ ምንም አልገረመውም። የሁላችንንም ወሬ ለዶርጄ የማደርሰው እኔ ነኝ፤ ጋሼ የእሱን አነጋገር አይለዩትም፣ የቢኒ እንግሊዝኛ ደግሞ ከፊልም የተለቀመ ስለሆነ ከስድብ ሌላ አያወጣም። ዶርጄ በየጧቱ ራሳችሁን ያማችኋል፣ በላችሁ፣ ጠጣችሁ ብሎ ይጠይቃል። ጋሽ ተሰማ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» ይላሉ። እኔም እንደዚያው አስተላልፋለሁ። በሰው ፊት ጧት ተጠይቆ አሞኛል የሚል ሽማግሌ እኛ ጋ ማን አለ?

ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ ጋሽ ተሰማ ከፊት መሪነት ወደ መሀል፣ ከመሀል ወደ ኋላ ቀሩ። ፊሽካቸው ዝም አለ። ማታ ማታ ላምባ በሚሸተው ድንኳን ውስጥ ምግቡን በማንኪያ ያገላብጡትና ጠግቤያለሁ ይላሉ። ዕድሜ ነው አልን። ቢኒ ቦርሳቸውን ያዘላቸው፤ «ቲቸር፣ ያኔ ሜዳውን ስንት ዙር ያስሮጡኝ እንደነበር አልረሳሁም፣ ዛሬ እየተበቀልኩ ነው» ሲላቸው ትንሽ ፈገግ አሉ።

በሩ ሥር ወደሚገኘው የመጨረሻ የድንኳን ሰፈር በምንወጣበት ቀን፣ ቀትር ላይ፣ አንድ ጅረት ዳር አረፍን። በሩ ከፊታችን ይታያል። የታሰሩት ጨርቆች ቀይና ቢጫቸው ሳይቀር ይለያል፤ እጅሽን ብትዘረጊ የምትነኪው ነው የሚመስለው። ጋሽ ተሰማ ተንገዳግደው መጡና ቢኒን «ከበደ፣ ኳሶቹን ሰብስብ» አሉት። ቢኒ ቀልድ መስሎት «እሺ ቲቸር» አለ። እኔ ግን ፊታቸውን አየሁ፤ አልቀለዱም። ዶርጄ ለየሰው ሙቅ ውኃ ቀዳ። ጋሼ ኩባያቸውን ይዘው ፈንጠር ብለው ተቀመጡ። ወደ ከንፈራቸው አስጠጉት፣ እንደሚጠጣ ሰው ጉሮሯቸውን አንቀሳቀሱ፣ ከዚያ ከድንጋዩ ጀርባ ቀስ አድርገው ደፉት።

አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ውኃውን ደፉት።»

«የምን ውኃ?»

«አሁን ከድንጋዩ ጀርባ የደፉትን።»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እጠጣለሁ።»

«ንስሐ አባትዎ ፈቅደውልዎት የለም እንዴ?»

«እሳቸው ፈቀዱ። እኔ ለራሴ አልፈቀድኩም» አሉኝ። ምላሳቸው ደርቆ ቃሉ ይያያዝባቸዋል። «ከልጅነቴ ጀምሮ አንድም ፍልሰታ ሽሬ አላውቅም። ዛሬ ለተራራ ብዬ ልሽር? እንጦጦን ስንት ዓመት ጾሜ ወጥቻለሁ። ለሰውየው ደህና ነኝ በይልኝ፣ ልጄ።»

ልጄ አሉኝ። እኔ ግን ዞር ብዬ ለዶርጄ ሁሉንም ነገርኩት፤ ከጧት ጀምሮ እንደማይጠጡ፣ ይህ ዛሬ የተጀመረ እንዳልሆነ፣ ሰው መለየት እንዳቃታቸው። ዶርጄ ከቦርሳው ጣት ላይ የምትሰካ፣ ደም ውስጥ ያለውን አየር የምትለካ ትንሽ መሣሪያ አውጥቶ እሳቸው ላይ ሰካ፣ አየ፣ አላመነም መሰል አውጥቶ የእኔ ጣት ላይ ሰካት፣ መልሶ እሳቸው ላይ። ከዚያ ባለፈረሱን ጠርቶ አንደኛው ፈረስ ላይ ያለውን ጭነት እንዲያወርድ አዘዘው። ቢኒ ወደ በሩ እያሳየ እዚህ ደርሰን እንዴት እንመለሳለን፣ ይኸው ይታያል እኮ አለ። ዶርጄ የሚታይ ነገር ሁሉ ቅርብ አይደለም አለው። እኔ ለቢኒ አልተረጎምኩለትም፣ ገብቶታል።

ጋሽ ተሰማ ፈረሱን ሲያዩ ገባቸው። «ምን አልሽው?» አሉኝ።

«እውነቱን።»

«በሃይማኖቴ ምን አገባሽ? አንቺ ስለ እኛ ጾም ምን ታውቂያለሽ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። የመውረዳቸው ነገር አልቋል፣ ፈረሱ ተዘጋጅቷል፣ ዶርጄ ወስኗል። ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ለደኅንነታቸው አልነበረም፣ ለአፌ ነበር። «እኛም ረመዳንን እንጾማለን» አልኩ። «መንገደኛና በሽተኛ ግን ይበላና በኋላ ይከፍላል። ሞኝ አይደለንም።» ይህ አልበቃኝም። «እዚህ ቢሞቱ ማን ሊሸከምዎት ነው? ቢኒ ነው? እኔ ነኝ? ሬሳዎን ለእትዬ ወርቅነሽ በምን ላድርስላቸው?»

ቢኒ «ሐያት!» አለኝ። ስሜን እንዲህ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም።

ዶርጄ ስኳርና ጨው የገባበት ውኃ አመጣ። ኩባያውን መያዝ ስላቃታቸው እኔ ያዝኩላቸው። ቀትር ላይ ነው፣ ፀሐዩ አናት ላይ ቆሟል፣ ዘጠኝ ሰዓት ሩቅ ነው። ጋሽ ተሰማ ዓይኔን እያዩ ጠጡ፤ እየጠጡ እንባቸው ወረደ። ፒያሳን ሙሉ ያስሮጠ ሰው፣ ቱታው በተራራ ላይ እንኳ የተተኮሰ የሚመስል ሰው፣ እኔ ባቀረብኩለት ኩባያ ውስጥ አለቀሰ። ፈረሱ ላይ አወጣናቸው። አንገቱን እንደ ሕፃን አቅፈው ወረዱ። የሚያውቃቸው ሰው እንዳያይ የፈሩ ይመስል ፊታቸውን ጋማው ውስጥ ደበቁ፤ እዚያ አገር ከእኔና ከቢኒ ሌላ የሚያውቃቸው አልነበረም። ዝቅ ባልን ቁጥር አእምሯቸው ተመለሰ። ከታች መንደሩ ስንደርስ ቢኒን በስሙ ጠሩት። የመንደሩ ሐኪም እዚያ ላይ አንድ ሌሊት ቢያድሩ ኖሮ ብሎ ጀመረና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ስቴቶስኮፑን ጠቀለለ። ጋሽ ተሰማ ከዚያ ጀምሮ አዲስ አበባ እስክንገባ ድረስ እኔን በቀጥታ አላነጋገሩኝም። የሚፈልጉት ነገር ሲኖር ለቢኒ ይነግሩታል።

በተመለስን በመጀመሪያው እሁድ ጁስ ቤቱ ሞልቶ ጠበቀን። ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው በሩ ላይ ቆሟል። ገና ሳንቀመጥ ወርቅ ሠሪው ጋሽ ኢብራሂም «እሺ፣ ተሻገራችሁ?» ብለው ጠየቁ። ቢኒ አፉን ከፈተ። ጋሽ ተሰማ ቀደሙት።

«ሐያት ታመመችብን» አሉ። ጠረጴዛውን እያዩ ነው የተናገሩት። «ሳንባዋ አልቻለም። በሩ ሥር ደርሰን ተመለስን።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ቢኒ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ያዘው፤ እንደማልተዋቸው አውቋል፣ ሁሉም ያውቀኛል። እኔ ዋጋ ጨምረህብኛል ብዬ ከባለታክሲ ጋር ስጣላ ከመኪናው ወርጄ በእግሬ የሄድኩ ሰው ነኝ። እዚያ ግን ቀና ብዬ ሳያቸው፣ በረዶ ላይ እንኳ ያልተዉትን ባለ ነጭ መስመር ቱታ ለብሰው፣ ኩባያ በያዝኩበት ሰዓት ያየሁትን ፊት ይዘው ነበር። እኔ አፈርኩ። የዋሹት እሳቸው፣ ያፈርኩት እኔ። «አዎ፣ አሞኝ ነበር» አልኩ። ስፕሪሴን አነሣሁ።

ስንወጣ ቢኒ ተከተለኝ። «ለምን ዝም አልሽ?» አለ።

«አንተስ ለምን ዝም አልክ?»

«መምህሬ ናቸው እኮ።»

የሳንባ ነገር ፒያሳ ውስጥ ቀልድ አይደለም። ሰው ሳንባ ሲባል የሚያስበው አንድ በሽታ ነው፣ ስሙንም ጮክ ብሎ አይጠራውም። በመጀመሪያ ጎረቤት ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ ይዞ መጣ። ቀጥሎ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ እኔ የነካሁትን ማዳመጫ በሶፍት የሚጠርግ ደንበኛ አየሁ። ቀጥሎ ባለቤቱ፣ ደግ ሰው ነበር፣ ትንሽ ብታርፊ ይሻልሻል አለኝ፤ እኔም በዚያው ቀረሁ። እናቴ ሐኪም ቤት ወስዳ አስነሣችኝ፣ ፊልሙ ንጹሕ ሆነ፣ እሷም ለመጣው እንግዳ ሁሉ ከአልጋው ሥር እያወጣች ታሳይ ነበር። የኤክስሬይ ፊልም ማን ያነባል? አንዴ ደግሞ ከወሎ ዘመዶቻችን በኩል ለጋብቻ የጠየቀ ቤተሰብ ነበር፤ የልጁ እናት ሻይ ጠጥታ ስትጨርስ አክስቴን በጆሮዋ አንድ ነገር ጠየቀቻት፣ ከዚያ ወዲያ አልመጡም። በዚህ ብዙም አልተከፋሁም፣ ልጁ ራሱ ፋራ ነበር። እናቴ ግን አለቀሰች። ለእናቴም እውነቱን አልነገርኳትም። ብነግራት በማግስቱ እትዬ ወርቅነሽ በር ላይ ቆማ ትገኛለች፣ እትዬ ወርቅነሽ ደግሞ ባላቸው ቀትር ላይ በእኔ እጅ እንደጠጡ ይሰማሉ።

ጋሽ ተሰማ ከዚያ በኋላ ሦስት እሁድ ቀሩ። ታመው ነው አሉ። እኔ ግን ቤት እየዋልኩ ስለነበር አያቸዋለሁ፤ በማልፍበት ሰዓት በራስ መኮንን ድልድይ በኩል መዞር ጀምረዋል፣ አንድ ቀን ደግሞ ፊት ለፊት ልንገናኝ ስንል ጨርሶ ጉዳይ የሌላቸው ቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ገቡ። ከዳር ሆኜ አየኋቸው፣ የማይገዙትን ባልዲ አገላብጠው ያያሉ። እኔ ጊዮርጊስ በር ላይ ከቆምኩ እሳቸው እንጦጦን አይወጡም ማለት ነው። ስለዚህ መሄድ አቆምኩ። በሚቀጥለው እሁድ ቢኒ መጥቶ ቲቸር ተመልሰዋል፣ ፊሽካ ይዘው ከፊት ናቸው፣ አንቺስ ለምን ቀረሽ አለኝ። እንቅልፍ ይሻለኛል አልኩት። እኔ እንቅልፍ! እሁድ ሳይነጋ እነቃለሁ፣ የጫማቸውን ድምፅ በአስፋልቱ ላይ እሰማለሁ፣ ፊሽካው ሲነፋ አንሶላውን በራሴ ላይ እስባለሁ።

ዓመታት አለፉ። ሌላ ሥራ አገኘሁ፣ አገባሁ፣ ፈታሁ፣ ሰፈሩ ተነሣ። ዶሮ ማነቂያ የነበረበት አሁን ሰፊ መንገድና አበባ ነው፤ ያምራል፣ አልዋሽም፣ ማታ መብራቱ ሲበራ ያምራል። ጁስ ቤቱ የነበረበትን ቦታ ለማግኘት ከጊዮርጊስ ጉልላት ተነሥቼ በዓይኔ እለካለሁ፣ ሁልጊዜ የተለየ ቦታ ነው የሚመጣልኝ። ቢኒ ጫማውን በስልክ ይሸጣል። ጋሽ ተሰማም ከከተማው በሌላኛው ጫፍ ቤት እንደደረሳቸው ሰምቼ ነበር።

ባለፈው ጥር ለአንድ የመታወቂያ ጉዳይ ወደ አራዳ መጥቼ ምኒልክ አደባባይ ላይ ታክሲ ስጠብቅ፣ ሁለት አረጋውያን ተደጋግፈው ከጊዮርጊስ በር ሲወጡ አየሁ። መሸሸጊያ ሱቅ አልነበረም፣ ለእኔም ለእሳቸውም። እትዬ ወርቅነሽ ናቸው ቀድመው ያወቁኝ። ነጠላቸውን አስተካክለው ሁለት ጉንጬን ደጋግመው ሳሙኝ፣ አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞሩ።

«ተሻለሽ ወይ፣ ልጄ?»

«ምኑ፣ እትዬ?»

«ሳንባሽ ነዋ። በየፍልሰታው ስምሽን ሳላነሣ ቀርቼ አላውቅም። እሱ ነው አደራ ያለኝ፤ ሌላውን ብትረሺ ሐያትን እንዳትረሺ ይለኛል። ያኔ እኮ ጾሙን ሳይፈታ አዝሎሽ ነው ያወረደሽ። በዚያ ዕድሜው። እመቤቴ ናት ጉልበት የሰጠችው።»

ጋሽ ተሰማ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው የጫማቸውን ጫፍ ያያሉ። አርጅተዋል። ጆሯቸው ግን ደህና ነው፣ ሚስታቸው ሲናገሩ ጣታቸው ከዘራው ላይ ሲጠብቅ አይቻለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። የወጣሁበት ሥራ፣ እናቴ ያፈሰሰችው እንባ፣ የተጠረገው ማዳመጫ፣ ሁሉም ምላሴ ላይ ተደርድሮ መጣ። እትዬ ወርቅነሽ አገጬን እንደያዙ መልስ ይጠብቃሉ፤ ዓይናቸው ስንት ዓመት በእኔ ስም የጾመ ዓይን ነው።

«ተሻለኝ፣ እትዬ» አልኳቸው። «በጸሎትዎ ነው።»

ጋሽ ተሰማ ባቡር እንደሚጠብቅ ሰው አጠገባችን ወዳለው የከተማ ባቡር ጣቢያ ዞሩ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። ባቡር አልነበረም።